ሃያ ሦስተኛው መስመር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ማትሪክ በተፈተንኩበት ዓመት፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ሆኜም ትዝ ሲለኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። ያን ቀን የሆነውን እስካሁን በትክክል አላውቀውም። ምናልባት የማይረሳኝም ለዚህ ይሆናል።

አባቴ ከወሎ መጥቶ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነበር። ከቤታችን አስራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ከእኔ በፊት አልነበረም። የፈተናው የመጀመሪያ ቀን ጠዋት የስፌት መኪናውን ትቶ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝና፣ "ሉባባ፣ አይዞሽ፣ ብቻ አትቸኩይ" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ተፈትነን ስንወጣ ሦስት ጓደኛሞች አብረን ወደ መርካቶ ወረድን፤ እኔ፣ ናርዶስና ሙባረክ። በክፍላችን በሒሳብ ሙባረክን የሚስተካከለው አልነበረም። አባቱ የጨርቅ መደብር ነበራቸው። በረንዳው ላይ የተደረደረ ጣቃ ላይ ተቀምጠን መልስ ማመሳከር ጀመርን።

ክርክሩ ወዲያው ጦፈ። ናርዶስ "አስራ ሰባት ቢ ነው" ስትል፣ እኔ "ኧረ ዲ ነው፣ ማይነሱን ረስተሽው ነው" እላለሁ። ሙባረክ እኔን አየት ያደርግና "ዲ ነው፣ እኔም ዲ ነው ያልኩት" ይላል።

"አስራ ዘጠኝስ?"

"ኤ" እላለሁ።

"ኤ ነው" ይላል ሙባረክ።

"እናንተ ተነጋግራችሁ ነው እንዴ የተፈተናችሁት?" አለች ናርዶስ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ ግን ምን ልዋሽ፣ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር። መልሴ ከሙባረክ ጋር ከገጠመማ ምን ቀረኝ?

"ሃያ ሦስትንስ ምን አላችሁ?" ናርዶስ ጠየቀች።

"እሱን ዘለልኩት። እመለስበታለሁ ስል ሰዓት አለቀ" አልኩ።

ሙባረክ ቀና ብሎ አየኝ። "የመልስ ወረቀቱ ላይስ? መስመሩን ዘለልሽው?"

"አዎ" ልል አፌን ከፈትኩ። ግን መዝለሌን አላስታወስኩም።

ያኔ መልሱን የምናጠቁረው በሌላ ወረቀት ላይ ነበር። ሃያ ሦስትን ባዶ ትቼ የሃያ አራትን መልስ በሃያ አራት መስመር ላይ አጥቁሬ ከሆነ ደህና። ሳላስተውል በሃያ ሦስት መስመር ላይ አጥቁሬው ከሆነ ግን ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ መስመር ተንሸራቷል ማለት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ከጥያቄዎቹ ብዛት የሚበልጥ መስመር ስለነበረው መጨረሻው ላይ ስህተቱ አይታወቅም። እርሳሱ ትዝ ይለኛል፣ የፈታኙ መምህር ጫማ ድምፅ ትዝ ይለኛል፣ ያ መስመር ግን ትዝ አይለኝም።

"ዘለሻል፣ አንቺ ጠንቃቃ ነሽ" አለች ናርዶስ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ግን እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ።

ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ። ዘበኛው "ወረቀቱ ታሽጎ በመኪና ሄዷል፣ ነገ ነይ" ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

ቤታችን በአውቶቡስ ተራ በኩል ነው። እኔ ግን እግሬ ወደመራኝ ስሄድ ቆይቼ ቀና ስል ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ደርሻለሁ። ተመለስኩ። ተወልጄ ያደግኩበት መርካቶ መግቢያ መውጫው ጠፋኝ። አንዴ "ዘልዬዋለሁ" እላለሁ፤ አስር እርምጃ ሳልሄድ "አልዘለልኩም" እላለሁ። ጎጃም በረንዳ አካባቢ ስደርስ፣ ለማንኛውም ነገ አልፈተንም ብዬ ወሰንኩ። አንዴ ከወደቅኩ አባቴን በከንቱ ተስፋ ለምን አቆየዋለሁ?

"መንገድ! መንገድ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። አንድ እጅ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ጎተተኝ። ጆንያ የተቆለለበት ጋሪ ቀሚሴን ታክኮ አለፈ።

የጎተቱኝ ቆብ ያደረጉ አዛውንት ነበሩ። ወደ ክፍለ ሀገር በሚጫን ዕቃ ላይ አድራሻ የሚጽፉ ሰው ናቸው፤ ጣቶቻቸው በቀለም ጠቁረዋል። "ምን ሆነሻል የኔ ልጅ? ሰው ሞተብሽ?" አሉኝ። የሚሠሩበት መጋዘን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ውሃ ሰጡኝ። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ጥቂት አሰቡና በካርቶን ላይ ቁጥር ደርድረው እርሳስ ሰጡኝ። "እስቲ እዚያ እንዳደረግሽው አድርጊ። አንቺ ብትረሺ እጅሽ አይረሳም።"

አጠቆርኩ። ሃያ ሦስት ስደርስ እጄ ዘለለው። "ይኸው!" አሉ ደስ ብሏቸው። እኔ አላመንኩም። "ጋሼ፣ እርስዎ እያዩኝ ስለሆነ ይሆናል" አልኳቸው። ፊታቸውን አዙረው "ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። ስጨርስ ሃያ ሦስት ላይ አጥቁሬያለሁ።

ሁለታችንም ካርቶኑን አየነው። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅኩ።

"ስሚኝ" አሉ። "እኔ አንድ ጊዜ የወልዲያን ዕቃ ጅማ ብዬ ጽፌ ጅማ ድረስ ሄዷል። በማግሥቱ ግን መጥቼ ሌላውን ጻፍኩ። ነገ ስንት ፈተና አለሽ?"

"ሁለት።"

"እሱን ፈተና ማን ይፈተንልሻል? ነገ ማስመሪያሽን ከመስመሩ ሥር እያደረግሽ ጻፊ። በይ አሁን አባትሽ ሳያስብ ወደ ቤትሽ።"

በማግሥቱ ሄድኩ፤ ማስመሪያዬን ከእያንዳንዱ መስመር ሥር እያደረግኩ ሁሉንም ተፈተንኩ። ለአባቴ ምንም አልነገርኩትም።

ውጤት ሲመጣ ሙባረክ በሒሳብ ኤ አገኘ። እኔ ሲ። መልሶቼ እንደ ሙባረክ ከሆኑ ሲ ያንሰኛል፤ መስመሩ ከተንሸራተተ ደግሞ ሲ ከየት መጣ? በሌሎቹ ትምህርቶች ጥሩ ስላመጣሁ የነርስ ትምህርት ቤት ገባሁ። አዛውንቱን ላመሰግን ብሄድ መጋዘኑ ሌላ ሰው ተከራይቶታል። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ከዓመታት በኋላ በናርዶስ ሠርግ ላይ ይህንን ለሙባረክ አነሳሁለት። እሱ ግን አቀረቀረ። "ሉባባ፣ ያን ቀን እኮ አንድም መልስ አላስታውስም ነበር። ጎበዝ ስለምትሉኝ አላስታውስም ማለት አፈርኩ። አንቺ ያልሽውን ተከትዬ ነው 'እኔም' ያልኩት" አለኝ።

ልቆጣው ይሁን ልስቅበት ግራ ገባኝ። መስመሩ ተሳስቶ ይሁን ወይስ መልሴ፣ ወይ ሁለቱም፣ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ አላውቅም። ማወቁንም ትቼዋለሁ። እኚያ ሰው ክንዴን ይዘው ባይጎትቱኝ ግን በማግሥቱ ፈተና ክፍል እንደማልገባ አውቃለሁ። ከዚያ ሁሉ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ይህ ብቻ ነው።