ሰባተኛው ዘፈን

የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪው ፈረንጅ ሰቆጣ ሲመጣ ዕድሜው ሃምሳን አልፎ፣ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ነበር። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጥኛን ስለምችል የቁፋሮው ድርጅት ሰዎች ለአንድ በጋ ከትምህርት ቤት ተውሰው አስተርጓሚ አደረጉኝ።

መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንጓዝ በጣቶቹ ጉልበቱን እየመታ ይሄዳል። «ወጣት ሳለሁ ድራም እመታ ነበር» አለኝ አንድ ቀን። ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋሙት የሙዚቃ ቡድን ፓንክ ሮክ የሚሉትን ይጫወት ነበር። ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሆነ ስጠይቀው «አራት የተናደዱ ልጆች ዜማ ሳይማሩ የሚጮኹት ነው» ብሎ ሳቀ። አሁን ጓደኞቹ ካረጁ በኋላ እንደገና ተሰባስበው አልበም ሊሠሩ ጠርተውታል። «ያኔ ያናደደን ሁሉ ዛሬም አለ፤ ትንፋሽ ያጠረን እኛ ነን» አለ። ስቱዲዮ ውስጥ ይሆነኛል እያለ በትንሽ መቅረጫ የመቆፈሪያውን ማሽን ድምፅ ይቀርጽ ነበር።

ደሃና ወረዳ ውስጥ በአንዲት መንደር አምስት ቀን ቆፈርን። ሰዉ ሥራውን ትቶ ከቦን ይውላል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ግን አቧራ ብቻ ሆነ። በአምስተኛው ቀን ማሽኑ ተነቅሎ ሊጫን ሲል፣ ጥቁር የለበሱ አንዲት ሴት ከሰዉ መሃል ወጥተው ፈረንጁ ፊት ቆሙ። አልጮኹም። ቀስ ብለው በኽምጥኛ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ ከወንዝ ውሃ ተሸክማ ስትወጣ ገደል ገባች። እናንተ ውሃ ይወጣል ብላችሁ ምድሩን ወጋችሁት፤ አሁን ደግሞ ጥላችሁት ትሄዳላችሁ። የእኔን ያሳያችሁ።»

ፈረንጁ መቅረጫውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አሉ?»

ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እኔም ደክሞኛል፤ አፍሬያለሁም። «ስለ ድካማችሁ እግዜር ይስጥልኝ ነው የሚሉት» አልኩት።

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላቸው። ሴትዮዋ እሱን ትተው እኔን አዩኝ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ እርግማን የሰማ ሰው ግን እንደዚያ እጅ እንደማይነሣ ያውቃሉ።

ፈረንጁ በዚያው ዓመት አገሩ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ በፖስታ አንድ ሲዲ ላከልኝ። ሽፋኑ ላይ እሱና ሦስት ሽማግሌዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ቤቴ ማጫወቻ ስላልነበረኝ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሙዚቃ ቤት ይዤው ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ ባለሱቁ ድምፁን ወደ ውጭ ለቀቀው።

«ይሄ ሙዚቃ ነው ጠብ?» አለ ጆሮውን ይዞ። መንገደኛው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሰባተኛው ዘፈን ላይ ጊታሩ ቆመ። ድራሙ ብቻውን ዝግ ብሎ ይመታል። ከሥሩ የማሽኑ ጩኸት መጣ፤ ከዚያ የሴትዮዋ ድምፅ። ያሉት ሁሉ ሳይጎድል ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። የሽፋኑን ጀርባ ገልብጬ የዘፈኑን ርዕስ አነበብኩ። በእንግሊዝኛ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል።

አህያ እየነዱ የሚያልፉ አንድ አዛውንት በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ። «ይህች ሴት ማንን ነው የምትረግመው?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባባ።»

«ሰው በእርግማን ይጨፍራል እንዴ?» አማተቡና አህያቸውን ነዱ።

ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ሳስተምር የሴትዮዋ ድምፅ ይመጣብኝ ጀመር። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት እቆማለሁ፤ ተማሪዎቹ እስኪያጉረመርሙ ድረስ ምን ልጽፍ እንደነበር አላስታውስም። ወር አልቆየሁም፤ በባትሪ የሚሠራ ማጫወቻ ከባለሱቁ ተውሼ ደሃና ወጣሁ።

ሴትዮዋ በሕይወት ነበሩ። ሲያዩኝ ወዲያው ለዩኝ። ዋሽቼ መተርጎሜን፣ ድምፃቸው ተቀርጾ ባሕር ማዶ መሄዱን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «አሰማኝ» ብቻ አሉ። ከፈትኩላቸው። አንገታቸውን ወደ ማጫወቻው ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ይህ የእኔ ድምፅ አይደለም» አሉ። «የልጄ ነው።»

«እማማ፣ የእርስዎ እኮ ነው። ያን ቀን...»

«አንተ እሷን ሰምተሃት ታውቃለህ?»

«አልሰማኋትም» አልኩ።

«እንዲህ ነበር የምታወራው። ድገመው።»

ባትሪው እስኪያልቅ ደጋገምኩላቸው። ማጫወቻው ዝም ካለም በኋላ አንገታቸውን አላቀኑም። ልሄድ ስነሣ «ለሰውዬው እውነቱን ጻፍለት» አሉኝ።

ጻፍኩ። መልሱ ከወራት በኋላ ደረሰኝ። ያን ዘፈን ሲጫወቱ ታዳሚው ርዕሱን አብሮ እየጮኸ ይመልስ እንደነበር፣ ደብዳቤዬን ካነበበ ወዲህ ግን እጁ አልታዘዝ እንዳለው ይናገራል። አልበሙ እንደገና ሲታተም ርዕሱን በልጅቷ ስም ሊተኩት ስለፈለጉ፣ ስሟን ጠይቄ እንድልክለት ለመነኝ።

ዳግመኛ ወጣሁ። ሴትዮዋ ደጃፋቸው ላይ ገብስ ያበጥራሉ። ጥያቄውን ሲሰሙ ሰፌዱን አስቀመጡ።

«ድምፅዋን ወሰደ» አሉ። «ስሟን አልሰጠውም። እንዲህ ብለህ ንገረው፤ አንዲት ቃል እንዳታጎድል።»

አላጎደልኩም። ከፈረንጁ ግን ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ዓመት ሳይሞላ የሴትዮዋን ማረፍ ከዚያው መንደር ከመጣ ተማሪ ሰማሁ። ተማሪው የሴትዮዋን ልጅ ስም ሳያውቅ አይቀርም። አልጠየቅሁትም።