ተራዬ ላይ የቆመው ጨዋታ

ሥራዬ ቅጽ መሙላት ነው። ናይሮቢ ዌስትላንድስ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለች ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀምጬ ለአገሬ ሰው የቪዛውን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ቅጽ እሞላለሁ። የምታወቀው ደግሞ በቀን ቆጠራ ነው። አንዱ መጥቶ የተወለደበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር ሲነግረኝ፣ ብዕር ሳላነሳ ወደ ፈረንጁ ገልብጬ እነግረዋለሁ። ሳውዝ ሲ ሰፈር ያሉ ያገሬ ሴቶች «እሷ ዘንድ ሂዱ፣ አትሳሳትም» እያሉ ሰው ይልኩልኛል። ይህን ያነሳሁት ለመኩራት አይደለም። ኋላ የምነግራችሁን ስትሰሙ በደንብ እንድትስቁብኝ ነው።

አንድ ወንድም አለኝ፤ በስድስት ዓመት ያንሰኛል፤ አዲስ አበባ ነው ያለው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ እኔ ናይሮቢ ከመምጣቴ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሰፈራችን ካለ ኢንተርኔት ቤት ገብተን አንድ የስትራቴጂ ጨዋታ ላይ ተመዘገብን። ከተማ የሚቆረቆርበት፣ ስንዴ የሚዘራበት፣ ጦር የሚሰለጥንበት ዓይነት ነው። የሚጫወቱት ተራ በተራ ነው። አንዱ ተራውን ሲጨርስ ሌላው ባለበት አገር፣ በተመቸው ሰዓት ይቀጥላል። እሱ እስኪጫወት ግን ምንም ማድረግ አይቻልም። ስክሪኑ ላይ «ተጫዋቹን በመጠበቅ ላይ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ናይሮቢ ስገባ ከቤተሰቤ ጋር የምገናኝበት ገመድ ይኼው ሆነልኝ።

የሁለታችንንም የመመዝገቢያ ቅጽ የሞላሁት እኔ ነበርኩ። የእሱ ልደት ጳጉሜ ሦስት ነው። ቅጹ ላይ ያሉት ወራት ደግሞ አሥራ ሁለት ብቻ! «አሥራ ሦስተኛው የታለ?» ብሎ ስክሪኑ ላይ ተደፋ። «አንተ እኮ በትርፍ ወር የተወለድክ ልጅ ነህ፣ ዝም በል» አልኩትና አንዱን ወር ነክቼ አለፍኩ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የትኛውን ወር እንደነካሁ ያኔም ልብ አላልኩም።

የእኔ ልደት ግንቦት አሥራ ሁለት ነው። ጨዋታው ግን በየዓመቱ፣ ልክ በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ መልካም ልደት ይለኛል። ወንድሜ «ለአዲስ ዓመት ነው የሚሉሽ፣ እነሱም እኛን ለምደውናል» እያለ ያሾፍ ነበር። እኔም እንደ ማስታወቂያ ቆጥሬ እሰርዘዋለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ነው የሰረዝኩት።

የጨዋታው ሁለተኛ ክፍል ይወጣል መባል ከጀመረ ስምንት ዓመት አልፎታል። ወንድሜ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ወንዝ ላይ ጀልባ። «ወንዝ ሰጥተውን ጀልባ ይከለክሉናል? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» እያለ ይበሳጭ ነበር። እኔ የምመኘው ስንዴዬ ባለቀ ቁጥር ሕዝቤ እንዳያምፅብኝ ብቻ ነበር። በየዓመቱ «ዘንድሮ ነው» ይባላል፣ በየዓመቱ ይቀራል።

ከሁለት ዓመት በፊት እናታችን አረፈች። ፓስፖርቴን ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ያስገባሁት ከማረፏ ሳምንት ቀደም ብዬ ነበር። ያስገባሁት እኔው ነኝ፤ ማንንም አልከስም። የሰው ወረቀት በጊዜው የማደርስ ሴት የራሴን አጥቼ ቀረሁ። ወንድሜ ከዘመድ ሁሉ ተጣልቶ ቀብሩን አንድ ቀን አስቆየልኝ። «ትመጣለች፣ አንድ ቀን ጠብቁ» ብሎ። እኔ ያን ቀን ኢሚግሬሽን ቢሮ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት ስሮጥ ዋልኩና ባዶ እጄን ተመለስኩ። በማታቱ፣ በዚህ አገር ሚኒባስ፣ ስመለስ ደወለልኝ። «ጠብቄሽ ነበር» አለኝ። ዘጋው። ከዚያ በኋላ ቁጥሬንም ዘጋው። በሰው ስልክ ስደውል ድምፄን ሲሰማ ይዘጋል።

ከአርባው ሁለት ቀን በኋላ ስልኬ ጮኸች። «ተራሽ ነው» ትላለች። ወይ ጉዴ! ጨዋታውን ከፈትኩ። ትልቁን ከተማዬን አቃጥሎታል። ጎተራው ነዷል፣ ግንቡ ፈርሷል። ቢሮ ውስጥ ባለጉዳይ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከለቅሶው ጋር ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ያቃጥለው፣ ግድ የለኝም፣ ብቻ መጣ። ወራት ሙሉ ተዋጋን፤ እሱ እየመታኝ፣ እኔ አጥሬን እየጠገንኩ። የእናታችን ሙት ዓመት የዋለ ቀን ደግሞ ጦሩን ከደጄ አነሳና ሃምሳ ጆንያ ስንዴ ላከልኝ። ጨዋታው ውስጥ ለጎረቤት ስጦታ መላክ ይቻላል። ከዚያን ቀን ወዲህ ውጊያ የለም። እሱ ጠዋት ይጫወታል፣ እኔ በምሳ ሰዓት። ስንዴዬ ሲያልቅ ሳልጠይቀው ይልካል።

ከካርታው ሥር መልእክት መጻፊያ ሳጥን አለ። አንድም ቀን አልጻፍኩበትም፣ እሱም አልጻፈበትም። ስንት ጊዜ «ይቅርታ» ብዬ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ። ጽፌ ዝም ቢለኝስ? ስንዴውም ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። እውነቱ ይኼ ነው፣ ፈሪ ነኝ።

ዘንድሮ ሁለተኛው ክፍል ከምር መጣ። ማስታወቂያውን ያሳየችኝ አብራኝ የምትሠራው ኬንያዊት ናት፤ እሷም የዚያው ጨዋታ ሱሰኛ ነች። «ሥዕሉን አየሽው? ወንዙን አየሽው?» እያለች ወንበሯን ይዛ ዞረች። አየሁት። ወንዙ ላይ ጀልባ አለ! መጣለት አልኩ፣ ስምንት ዓመት ሲነዘንዝ የኖረበት ጀልባ መጣለት።

ከሥር ያለውን ደንብ ስናነብ ደስታችን ዋጋ አጣ። አዲሱ ጨዋታ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም፤ ባልደረባዬ ገጠር ቤተሰቦቿ ዘንድ ስትሄድ መንገድ ላይ መጫወት ቀረባት ማለት ነው። አሮጌው ደግሞ አዲሱ በሚወጣበት ቀን ለሁሉም ሰው ይዘጋል። የጀመሩትን ጨዋታ ይዞ ወደ አዲሱ ማለፍ የሚችለው ማንነቱን ያረጋገጠ ብቻ ነው። እስኪያረጋግጥ ድረስ ደግሞ መልእክት መጻፊያው ሳጥን ከዛሬ ጀምሮ ተቆልፏል። የተጫዋቾቹን ገጽ ከፍተን አየን፤ ግማሹ «እልል» ይላል፣ ግማሹ ይራገማል። እኔ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሁለቱም ጋር ሆኜ ነበር። እሷ ግን ወዲያው መታወቂያዋን አስገብታ በሁለት ደቂቃ አለፈች።

የእኔ ተራ ነበር። ወንድሜ ጠዋት ተጫውቷል። መጀመሪያ ማንነቴን ላረጋግጥ፣ ሳጥኑ ይከፈትልኝ፣ ከዚያ ተራዬን ተጫውቼ «ጀልባ መጣልህ» ብዬ እጽፍለታለሁ አልኩ። ይቅርታ ማለት ቢያቅተኝ ጀልባ ማለት አያቅተኝም። የፓስፖርቴን ፎቶ ላክሁ። «ሲመዘገቡ የሰጡት የትውልድ ቀን» አለኝ። ሞላሁ። ተሳስተዋል አለኝ። ወሩን ከቀኑ አስቀድሜ ሞላሁ። ተሳስተዋል። ደሜ ፈላ! እኔን? ቀን ቆጠራ ለእኔ? የመጀመሪያውን እንደገና፣ ጣቴን እያስረገጥኩ ሞላሁና ጫንኩት። ማረጋገጫውም ጨዋታውም ለሠላሳ ቀን ተዘጋብኝ። አሮጌው ጨዋታ ሊዘጋ የቀረው ደግሞ አሥራ ሁለት ቀን ነው።

ባልደረባዬ «ፖሌ» አለችኝ፣ አይዞሽ እንደ ማለት፤ እዚህ አገር ለተሰበረ ብርጭቆም ለሞተ ሰውም የሚባለው እሱ ነው። ለድርጅቱ ጻፍኩ። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን የሚል መልስ መጣ። የምን ትዕግሥት? እኔ ትዕግሥት ኖሮኝ ያውቃል?

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን ሊጠይቁ ውጭ አገር ሊሄዱ ቅጽ ይዘው መጡ። ቅጹን ጎረቤታቸው ሞልቶላቸዋል። የትውልድ ቀኑን ሳየው ሳቄ መጣ።

«አባባ፣ ይኼ እኮ በእኛ አቆጣጠር ነው። እንዲሁ ብንልከው ስምንት ዓመት ያስረጁዎታል፤ ወሩም ሌላ ወር ነው የሚሆነው።»

ይህን ከአፌ እንዳወጣሁ ብዕሩን አስቀመጥኩ። ግንቦት ዘጠነኛ ወር ነው። አሥራ ሁለት፣ ዘጠኝ። የፈረንጅ ዘጠነኛ ወር መስከረም ላይ ነው የሚውለው። በየዓመቱ፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ መልካም ልደት! ያኔ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ፣ የፈረንጅ አቆጣጠር የሚባል ነገር ሐሳቤ ውስጥ ሳይኖር፣ እንዳለ በእኛው ሞልቼዋለሁ።

«ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ምንም አልሆንኩም አባባ። ስምንት ዓመት አረጀሁ።»

መልሱን አወቅሁት፣ ግን የምጽፍበት ቦታ የለም። ገጹ ተቆልፏል። ለድርጅቱ እንደገና ጻፍኩ፤ አሥራ ሦስት ወር ያለው አገር እንዳለ፣ ዓመቱም ከእነሱ ወደኋላ እንደሚቆጠር፣ ለሕፃን ልጅ እንደማስረዳ አስረዳሁ። የመጣልኝ «ጥያቄዎ ተመልሷል? አዎ ወይም አይደለም» የሚል ነበር። አይደለም የሚለውን ነካሁ። አመሰገነኝ።

ባልደረባዬ በስልኳ የእኔን ጨዋታ ከውጭ ማየት ትችላለች፤ መንካት ግን አትችልም። ከፍታ አሳየችኝ። «ተጫዋቿን በመጠበቅ ላይ፣ አምስት ቀን» ይላል። እየጠበቀኝ ነው። ኧረ እመቤቴ! መልእክት እንድትጽፍለት ለመንኳት፤ ጓደኛ ላልሆኑት መጻፍ አይቻልም። የጓደኝነት ጥያቄ ላከችለት፤ የማያውቃትን ሴት ለምን ይቀበል? አልተቀበለም። በስምንተኛው ቀን ስናይ አንድ አዲስ ቁልፍ ወጥቷል። ተጋጣሚ ሰባት ቀን ሳይጫወት ከቀረ፣ የሚጠብቀው ሰው ያንን ነክቶ «አሸንፌያለሁ» ብሎ መውጣት ይችላል። ወንድሜ አልነካውም።

አክስታችን ጋ ልደውል ልደውል ስል ሰንብቻለሁ። ያፈርኩት ነገር፣ በዚህ ዕድሜዬ ስለ ጨዋታ መልእክት ማስላክ ነው። በዘጠነኛው ቀን እፍረቱን ዋጥ አድርጌ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ወንድሜን አይተውታል?»

«ትናንት መጥቶ ነበር። ፊቱ ደስ አይልም። እህትህ ደህና ናት ወይ ብለው ዝም አለኝ። ሌላ ጊዜ እኮ ስጠይቀው ደህና ናት፣ በየቀኑ እንጫወታለን ነው የሚለኝ።»

«እንጫወታለን ነው ያለዎት?»

«አዎ! ከሙት ዓመቱ ወዲህ። ታረቃችሁ ብዬ ስለት አስገብቻለሁ እኮ። ምን ተጫወታችሁ ስለውም ስንዴ አልቆባት ነበር፣ ላክሁላት ይለኛል። እኔ ደግሞ እዚያ አገር ኑሮው እንዲህ ከፋ እንዴ፣ ለምን ለእኔ አልነገረችኝም ብዬ ስብሰለሰል ከረምኩ።»

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ። አንድም ቃል አላወራንም ልላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። አውርተናል ለካ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። የቀረሁት ወድጄ አይደለም፣ ተዘግቶብኝ ነው ይበሉት። እሱንም የትውልድ ቀን ሲጠይቁት በፓስፖርቱ እንዳይሞክር። ያኔ የሞላሁለት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ በምን ይሞክር?»

በምን ይሞክር? ጳጉሜን የትኛው ወር ውስጥ እንደሸጎጥኩለት እኔ ምኑን አውቄ! «አላውቀውም» አልኳቸው።

«ምኑ ነው ግን የተዘጋብሽ ልጄ? አልገባኝም።»

«ማንነትሽን አረጋግጪ ብለውኝ ነው እትዬ። ወረቀቴ... ወረቀቴ ላይ ያለው ቀን አልገጥም ብሎ...»

አክስቴ አላስጨረሱኝም።

«አሁንም ወረቀት ነው?» አሉኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ ቀስ ብለው። «እነግረዋለሁ። ግን ሌላ ነገር ብትይው አይሻልም?»

«ይኸንኑ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። እውነቱ ያ ነው፤ ያኔም እውነቱ ያ ነበር። ነግረውት እንደሆነም አላውቅም፤ አልጠየቅኋቸውም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ባልደረባዬ ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝና የምሳ ቂጣዋን፣ ቻፓቲዋን ይዛ ወጣች። ካርታውን ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። በቃጠሎው ቦታ መልሼ የሠራሁት ከተማ አለ። ከእሱ ድንበር ወደ እኔ የሚመጣ አንድ የስንዴ ጋሪ መንገድ ላይ ቆሟል፤ የመጨረሻ ተራው ላይ ልኮልኝ ነበር፣ የሚደርሰው እኔ ተራዬን ስጫወት ነው። ማሸነፊያው ቁልፍ እንዳለ ነው፣ አልተነካም። ከሥሩ «ተጫዋቿን በመጠበቅ ላይ» ይላል። ሰባት ሰዓት ሲሆን ገጹ ነጭ ሆነ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እየጠበቀኝ ነበር።