የራስጌው ገመድ

ሙርዶ ማክግሩር ዕድሜውን ሙሉ መቃብር ሲቆፍር ነው የኖረው። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አላገባም። በሚኖርበት የስኮትላንድ ሸለቆ ውስጥ ማክግሩር የሚባል ሰው እሱ ብቻ ነው የቀረው።

ስሙ ከቢራ ጠማቂ ነው የመጣው። የመጀመሪያው አያት ለባላባቱ ይጠምቅ ነበር፤ ልጆቹ «የጠማቂው ልጆች» ተባሉ፣ በዚያው ጸና። አንድ ጊዜ በሸለቆው አርባ አንድ ቤት ማክግሩር ነበር። በኋላ ሂስሎፖች ከደቡብ ጠረፍ በግ እየነዱ መጡ። ባላባቱ መሬቱን ለነሱ አከራየው፤ የጠማቂው ልጆች ጣሪያቸው እየተቃጠለ ወደ መርከብ ተነዱ። የሙርዶን ቅድመ አያት ብቻ አስቀሩት። መቃብር ቆፋሪ ያስፈልጋቸው ነበራ።

ይሄ የድሮ ነው። ሙርዶን የሚያንገበግበው የራሱ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አባቱ ዶናልድ ሲሞት፣ ላይኛው መካነ መቃብር ከዘመዶቹ ጋር ቅበረኝ ብሎት ነበር። መንገዱ በሂስሎፕ መሬት ነው የሚያልፈው። ሽማግሌው ዎልተር ሂስሎፕ የመካነ መቃብሩን በር ቆለፈና ሰው ላከበት፤ «የአደን ወቅት ነው፣ እንግዶች አሉብኝ። አጋዘኖቹ ይደነብራሉ።» ሬሳ አይቆይ ነገር! ሙርዶ አባቱን ታች ከተማ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች መሃል ቀበረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሂስሎፕን ሞት ሲጠብቅ ኖረ።

በየካቲት፣ በረዶ መንገዱን በዘጋበት ሳምንት፣ ሂስሎፕ ሞተ። ልጁ ግሪዝል የሙርዶን በር አንኳኳች።

«ሙርዶ፣ የላይኛው መካነ መቃብር ጉድጓድ አለቀ?»

«አልቋል። እንዲህ ደስ ብሎኝ ቆፍሬ አላውቅም።»

እንዳልሰማች ሆነች። «ሌላም ላስቸግርዎት ነው የመጣሁት። ገመድ የሚይዝ ሰው ጎደለን። ሰባት ናቸው።»

እዚያ ሬሳ የሚወርደው በስምንት ወንድ፣ በስምንት ገመድ ነው። የራስጌው ገመድ የወንድ ልጅ ነው፤ ወንድ ልጅ ከሌለ የቅርብ ዘመድ ይይዘዋል። እሱ ካላላላ ማንም አያላላም።

«ስምንት ወንድ ጠፋ? እዚህ ሸለቆ ውስጥ?»

«ያውቁት የለ እንዴ፤ ሰው የለም።»

«በጎቹስ?»

ፊቷ ቀላ። «እባክዎ። አባቴ ነው።»

«እኔም አባት ነበረኝ።»

በመጨረሻ ሙርዶ፣ «የራስጌውን ስጡኝና እይዛለሁ» አለ።

«እሱማ የአጎቴ ልጅ ቦታ ነው!»

«እንግዲያው በሰባት አውርዱት። ተንጋዶ ይገባል።»

ማታውን በረዶው ጨመረ፤ የሚጠበቅ ሰው ሁሉ ቀረ። ጠዋት «አንድ» የሚል ቁጥር የተጻፈባት ካርድ ለሙርዶ ተላከችለት፤ አንደኛው ገመድ የራስጌው ነው።

በቀብሩ ሰዓት ሴቶቹ እንደ ደንቡ በር ላይ ቀሩ። ሳጥኑ ጉድጓዱ ላይ በሳንቃ ተደግፏል። ሳንቃውን መሳብ የሱ ሥራ የሆነው አናጺው ፊንሌይ ወደ ሙርዶ ጠጋ አለ። «አንተ ክፉ፣ ምን አስበሃል?»

«ሳንቃውን ሳብ።»

ፊንሌይ ሳበው። የዚያ ወፍራም ሳጥን ክብደት ሁሉ በስምንቱ ሰዎች ክንድ ላይ ወደቀ። ሁሉም ሙርዶን አዩ። ሙርዶ አላላላም። ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እኔ ሙርዶ ነኝ፤ የዶናልድ ልጅ፣ የኤዋን የልጅ ልጅ፣ የጠማቂው ዘር። ወንዝ ዳር ያለው ቤት፦ ፋርኳር ማክግሩር፣ ከነአምስት ልጆቹ ወደ ካናዳ። ሁለቱ ባሕር ላይ ሞቱ። ወፍጮው ጋ ያለው ቤት፦ መበለቷ ኡና፣ ከነአልጋዋ ውጪ ተጣለች። ድልድዩ ጋ ያለው፦ ሦስት ወንድማማቾች ወደ ኒውዚላንድ። እዚያ ስማቸውን አስተካክሎ የሚጠራላቸው ቢያጡ ግማሹን ጣሉት…»

የሟቹ የወንድም ልጅ ላብ በላብ ሆነ። «አውርድ እንጂ ሰውዬ! እጄ ሊቆረጥ ነው!»

«ገና አሥራ ሁለተኛው ቤት ላይ ነኝ።»

ቢለቁት ሬሳው ሊወድቅ ነው፤ በዚያ አገር ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። ስለዚህ ያዙ። ገመዱ መዳፋቸውን እየላጠው ያዙ። የሙርዶም መዳፍ ደማ። ግድ አልነበረውም።

«አርባ አንደኛው፦ ዶናልድ ማክግሩር፣ አባቴ። የትም አልሄደም። ታች ከተማ ከባዕድ ጋር ተኝቷል፣ አጋዘን እንዳይደነብር።»

ከዚያ አላላ። ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ወረደ። ፊንሌይ ውስኪ ሲያዞር ሰባቱ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ነበር የሚይዙት።

ሰው ሲበተን ሙርዶ አፈሩን መለሰ፤ በአካፋው ጀርባ ደህና አድርጎ መታው። ግሪዝል ከበሩ መጣች። ሁሉንም ሰምታለች፤ ዓይኗ አብጧል። የበሩን ቁልፍ ዘረጋችለት።

«ይውሰዱት። አባትዎን ያምጧቸው።»

ሙርዶ ቁልፉን በደማው እጁ ተቀበለ። «በግንቦት አመጣዋለሁ። ያንቺ አባት እስከዚያ ከዘመዶቼ ጋር ይተዋወቅ። ዙሪያውን የተኙት በሙሉ ማክግሩሮች ናቸው።»

አስወጥቷት በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«እኔስ?» አለች። «መቃብሩን ልጠይቅ ስመጣ?»

«እኔ ጋ ነያ» አለ ሙርዶ። «የአደን ወቅት ካልሆነ እከፍትልሻለሁ።»