ስድስተኛ የወጣው ሽንት ቤት

ይሄ ነገር የሆነው አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ነጭ ጋዎን የለበሰ ተማሪ ባየሁ ቁጥር እስካሁን ደሜ ይፈላል። አንዷ ትዝ ስትለኝ ግን ይበርድልኛል።

ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ ጀርባ ነው የምንኖረው። ሙሉ ግቢው አንድ ሽንት ቤት ነው ያለው። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ትምህርቱን አስረኛ ላይ ተውኩት።

በየዓመቱ ነጭ ጋዎን የለበሱ የኮሌጅ ተማሪዎች ይመጣሉ። ስንት ናችሁ፣ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ ሽንት ቤታችሁ እንዴት ነው ይሉና ይሄዳሉ። ይመረቃሉ። ሽንት ቤቱ ያው ሽንት ቤት ነው። አምናማ ሞልቶ ጭራሽ መፍሰስ ጀመረ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ዳገት ወጥታ ጎረቤት ግቢ መሄድ አትችልም።

አምና የመጡት የማህበረሰብ ጤና አስተዳደር ተማሪዎች ነበሩ። መሪያቸው ሲፈን የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። ጠይቀው ሲጨርሱ ግቢያችን ውስጥ ትልቅ ወረቀት ለጥፈው ችግራችንን በደረጃ አነበቡልን። አንደኛ፣ እጅ አለመታጠብ። ሽንት ቤቱ ስድስተኛ! ሙድ የያዙብን ነው የመሰለኝ።

«አፍንጫ የላችሁም እንዴ?» አልኳት።

«ወንድሜ፣ ለችግሩ ነጥብ የሚሰጠው በክብደቱ ብቻ አይደለም። እኛ ባለን ጊዜ የሚያልቅ ሥራ መሆን አለበት። ሠርተን ካላሳየን ዲግሪ አይሰጡንም። የቀረን ይሄ ብቻ ነው።»

«እና እኛ መመረቂያችሁ ነን?»

የግቢው ሰው ሳቀ። እኔ ግን ነዶኛል።

«እናቴ ሽንቷ እንዳይመጣ ብላ ከሰዓት በኋላ ውሃ መጠጣት ትታለች። እሱስ ስንተኛ ወጣ?»

እማዬ «ኧረ አንተ ልጅ፣ ገመናዬን!» ብላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሲፈን ወረቀቷን ጠቅልላ ሄደች። በቃ ሁለተኛ አትመጣም ብዬ ነበር።

ሥራቸውን ለመምህራቸውና ለወረዳው ጤና ኃላፊ የሚያቀርቡበት ቀን ደረሰ። የተዘጋጀላቸው አዳራሽ ነበር። ሲፈን ግን እንግዶቹን እየመራች ግቢያችን አመጣቻቸውና ሽንት ቤቱ ፊት ለፊት ወንበር ደረደረች። ኃላፊው ሶፍት አውጥቶ አፍንጫው ላይ ያዘ።

«የሠራሽው የታለ?» አላት መምህሩ።

«ጓደኞቼ በሩ ላይ የእጅ መታጠቢያ ጄሪካን ሰቅለዋል። ዋናው ችግር ግን ይሄ ነው፤ እኛ አንችለውም» አለችና ወደ ኃላፊው ዞረች። «እርስዎ ይችላሉ።»

እኔ ደግሞ መች አፌ ያርፋል! «ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ፤ እዚያ ሆነው በደንብ አይሸትዎትም» አልኩት።

ሰውዬው እዚያው ቁጭ እንዳለ ስልክ ደወለ። በማግስቱ መጣጭ መኪና መጥቶ ሽንት ቤቱን ባዶ አደረገው።

ከወራት በኋላ ሲፈን በጎማ ቤቴ በኩል ስታልፍ አየኋትና ጠራኋት።

«ተመረቅሽ አይደል?»

«ጓደኞቼ ተመረቁ። እኔን መምህሩ ከቡድኑ ዕቅድ ወጥተሻል ብሎ ጣለኝ። እየደገምኩ ነው።»

የያዝኩትን ጎማ አስቀመጥኩ። ይሄ የማያርፍ አፌ!

«እናትህ አሁን ውሃ ይጠጣሉ?» አለችኝ።

«ትጠጣለች።»

«ጥሩ» ብላ ታክሲዋን ልትይዝ ሮጠች።

አሁንም እናደዳለሁ፤ በሷ ግን አይደለም። ጄሪካን የሰቀለ ተመረቀ፣ እሷ ወደቀች። ጄሪካኑ ዛሬም በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ቀን ውሃ ገብቶበት አያውቅም።