ወንዙ የተሰነጠቀበት ገጽ

የአሶሳ ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠመው ቶብ ሲያምራቸው ዋፋ ሱቅ ጎራ ይላሉ። በዚያ ክረምት ግን አብዛኞቹ የሚመጡት ልብስ ሊገዙ ሳይሆን ታሪክ ሊሰሙ ነበር።

ዋፋ አማርኛ ማንበብ የተማረችው ልጆች ወልዳ ካሳደገች በኋላ ነው። አንድ ቀን ለውዝ ገዝታ መጠቅለያውን ስትፈታ፣ በሰርጓ ዋዜማ ስለምትጠፋ ሙሽራ የሚያወራ ገጽ አገኘች። እየሮጠች ወደ ለውዝ ነጋዴው ተመለሰች። ነጋዴው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከኋላው እየገነጠለ ይጠቀልልበታል።

"በቃ፣ አትቅደድ! የቀረውን ለኔ ስጥ!" ብላ ከእጁ ነጠቀችው።

በቀዝቃዛ አገር፣ በፈረስና በጋሪ ዘመን የተጻፈ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ ልቦለድ ነው። የወፍጮ ቤት ጌታ ልጅ ለአንድ ባለጸጋ ልትዳር ነው፤ ልቧ ያለው ግን ከወንዝ ማዶ፣ ጀልባ ቀዛፊው ዘንድ። ዋፋ ቤቷ ያነበበችውን በማግስቱ ሱቋ ውስጥ በበርታኛ ትተርካለች።

"ወንዙ ከብርዱ የተነሳ እንደ ድንጋይ ደነደነ" አለች። "ፈረስ ይሄድበታል።"

"ወላሂ ዋሸሽ!" አለች ጎረቤቷ ዓኢሻ። "ውሃ ላይ ፈረስ?"

ሙሽራይቱ ጠፍታ ወንዙ ላይ ወጣች። መሐል ስትደርስ በረዶው ከእግሯ ሥር ተሰነጠቀ። እዚያ ላይ ገጹ አለቀ፤ ቀሪው ከለውዙ ጋር ሄዷል። ሴቶቹ ጮኹ። ሰመጠች የሚሉና ተርፋለች የሚሉ ገበያውን ለሁለት ከፈሉት።

ክርክሩ እንደጋለ፣ ከባምባሲ ለገበያ የመጣች ብዙወርቅ የምትባል ሴት ጨርቅ እየመረጠች ጆሮዋን ጣል አደረገች። ምን እንደሚያከራክራቸው ጠየቀችና ሲነግሯት ዓይኗ ፈጠጠ።

"ይሄ መጽሐፍ እኮ አባቴ ሳጥን ውስጥ አለ! ሙሉው!"

ዋፋ የያዘችው መቀስ ከእጇ ወደቀ። ወዲያው ሱቋን ዘግታ፣ ከብዙወርቅ ጋር ባምባሲ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች።

የብዙወርቅ አባት ጋሽ ቢሻው በሰፈራው ዘመን ከወሎ ሲመጡ፣ ከልብሳቸው ይልቅ መጽሐፍ የተሸከሙ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ካቆሙ ከርመዋል።

"አባባ፣ ልጅቱ ሞተች?" አለች ዋፋ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ።

ሽማግሌው ሳቁ። "እኔ አልነግርሽም ልጄ። ቁጭ በይና አንብቢልኝ።"

አነበበች። በረዶው ስንጥቅ በስንጥቅ ሆነ። ልጅቱ በደረቷ ተኝታ ወደ ማዶው ትሳብ ጀመር። መጨረሻውን የሚያውቁት ጋሽ ቢሻው ራሳቸው "አይዞሽ፣ ተሳቢ!" እያሉ ወንበራቸውን ይደበድባሉ። ብዙወርቅ እሳት ላይ የጣደችው ወጥ እስኪያር ድረስ ከበሩ አልተነቃነቀችም።

ተሻገረች! ዋፋ ብድግ ብላ እልል አለች። ግን ገጹን ብትገልጥ፣ ቀዛፊው ሌላ አግብቶ ጠበቃት። ልጅቱ አለቀሰች፤ እንባዋን ጠርጋ አንድ አሮጌ ጀልባ ጠገነች፤ በረዶው ሲቀልጥም ሰው ማሻገር ጀመረች።

"አለቀ?"

"አለቀ። እኔም ያኔ በንዴት እህል አስጠልቶኝ ነበር" አሉ ጋሽ ቢሻው።

በማግስቱ ዋፋ መጨረሻውን ስትተርክ ሱቁ ቀውጢ ሆነ።

"ያንን ከሃዲ ወንዙ ውስጥ መክተት ነበር!" አለች ዓኢሻ።

"የሌላ ሰው ሚስት ልትሆን ነው ሲባል እየሰማ እስከ መቼ ይጠብቃት?" ብላ ኑሃ የምትባል ደንበኛ ተነሣችባት።

ጫጫታቸውን የሰሙ መንገደኞች ጠብ መስሏቸው ሊገላግሉ ገቡ። ዋፋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ የሽማግሌው ሳጥን ገና በመጽሐፍ የተሞላ መሆኑን ነገረቻቸው።

እሑድ ሚኒባሱ በቶብ ለባሾች ጢም ብሎ ባምባሲ ገባ። ጋሽ ቢሻው ኮታቸውን ለብሰው፣ ሌላ ወፍራም መጽሐፍ ጭናቸው ላይ አድርገው ደጅ ተቀምጠዋል። ዋፋ ተቀብላ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። ለሳቸው በአማርኛ እያነበበች፣ ለሴቶቹ ወደ በርታኛ ልትመልስ ነው።

"ጸጥ በሉ እንጂ!" አለች ዓኢሻ፣ ማንም ሳይናገር።