የኤልቪ መኪና ሳል

በእኛ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ከተማ አርቮ ላህቲ ፈትቶ ያልገጠመው ሞተር የለም ይባላል። የሚለው ራሱ አርቮ ነው። ጠዋት ጠዋት ዶናት ቤት ተሰብስበን ስንቀመጥ፣ በመንገድ የሚያልፈውን መኪና ድምፁን ብቻ ሰምቶ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ሦስተኛው ካንዴላ እንደደከመ፣ ባለቤቱም ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ ይናገራል። ስለ ካንዴላው አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ስለ ኩርፊያው ግን ተሳስቶ አያውቅም።

ያሸነፈችው አንዲት መኪና ብቻ ናት፤ የገዛ ሚስቱ የኤልቪ መኪና። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትስል ኖረች። ሚኒሞ ላይ፣ ቆማ ሞተሯ ብቻ ሲዞር፣ ኩሁ፣ ኩሁ፣ ኩ ትላለች፤ ዳገት ላይ ደግሞ ትንፋሽ አጥሯት፣ በእግሩ የሚሄድ ጡረተኛ ሰላም ብሏት ያልፋታል። አርቮ ካንዴላ ቀየረ፣ ነዳጅ ማደያ ቀየረ፣ አንድ ክረምትማ ጥፋቱን ከሐይቁ ማዶ በሚመጣው የካናዳ ነፋስ ላይ አላከከ። ኤልቪ ግድም አልነበራት። ቤተ መጻሕፍት ስትሠራ ውላ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሲሆን ዳገቱን እየሳለች ትወጣለች። አርቮም ሳሉን ከታች ሲሰማ ሾርባውን ወደ ሳህን ይገለብጣል፤ ጫማዋን አውልቃ እስክትቀመጥ ለአፍ ይደርሳል።

ኤልቪ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። አርቮ በየቅዳሜው፣ ባትሪዋ እንዳይሞት በሚል ሰበብ፣ የጋራዡን በር ከፍቶ መኪናዋን ያስነሳታል። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። በዚያ አንድ ሰዓት የከተማው ባትሪ ሁሉ ይሞላ ነበር። ዶናት ቤታችን በቀብር ላይ እንኳ የምታሾፍ ናት፤ በዚህ ነገር ግን አላሾፈችም።

በኅዳር ወር የኤልቪ ታላቅ እህት ለምፒ መጣች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ኩላሊቷ ስለደከመ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ስልሳ ማይል ትጓዛለች። የራሷን መኪና ወለሉን በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በልቶት እግሯ አስፋልት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ለምፒ ነገር አታስረዝምም።

“መኪናዋን ለሐውልትነት ከሆነ የያዝካት አበባ አስቀምጥባት” አለችው። “ካልሆነ ሰኞ ሐኪም ቤት ታድርሰኝ።”

አርቮ እሺ አለ። ግን የሞተሩን ላይና ታች እኩል የሚያዞረው ጥርሳም ቀበቶ፣ የታይሚንግ ቺንጋው፣ ዕድሜው አልፎ ነበር። የዚያች መኪና ሞተር ደግሞ ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተኑና ቫልቩ ተጋጭተው አብረው የሚያልቁበት ዓይነት ነው። አሮጊት ሴት በበረዶ ቀን፣ ሰው በሌለበት ጫካ መሀል ማስቀረት አይቻልም። ዓርብ ጠዋት መብራት እንድይዝለት ጠራኝ። የእኔ መካኒክነት መብራት መያዝና ወሬ ማውራት ነው፤ በሁለተኛው ከአርቮ እበልጣለሁ።

ኮፈኑን ከፍቶ፣ ብሎኖቹን ፈትቶ፣ ክዳኑን ሲያነሳ ቺንጋው በሚዞርባቸው በላይኛውና በታችኛው ጥርሳም መዘውር ላይ ሁለት ቀይ ነጠብጣቦች ታዩ። የኤልቪ የጥፍር ቀለም ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቺንጋውን የቀየሩት ሁለቱ አብረው ነበር፤ እሷ ጥርስ ቆጠረች፣ ምልክት ቀባች፣ እሱ አሠረ። አርቮ ጨርቁን ወስዶ ነጠብጣቦቹን ሳይነካ ዙሪያቸውን ጠረገ። ከዚያ ሞተሩን በመፍቻ አዙሮ የላይኛውን መዘውር ከፋብሪካው ምልክት ጋር አገጣጠመው። የታችኛው አልገጠመም። በአንድ ጥርስ ወጣ ብሏል።

መነጽሩን ወለወለ። መብራቱን አስተካክል አለኝ፤ አስተካከልኩ። ዘጠኝ ዓመት ያሳለቻት ጥርስ እዚያው ናት።

ቆይቶ የሆነውን ነገረኝ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ የሳውናው፣ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ምድጃ ተቀጣጥሏል። ዘሩ ከፊንላንድ የሆነው የእኛ ሰው የሳውናው ድንጋይ ከጋለ በኋላ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ይታጠባል። ኤልቪ አንዴ ደግሜ ልቁጠር ስትል፣ ድንጋዩ እየቀዘቀዘ ነው ብሎ አጣደፋት። ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሮ ማረጋገጥም ነበረበት፤ ለከተማው ሁሉ የሚሰብከው ሕግ ነው። አላደረገውም።

“ያስቸኮልኳት እኔ ነኝ” አለ። “ካናዳን በከንቱ ነው ያማሁት።”

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን መሀል ላይ ተወው።

“ካስተካከልኳት ሳሏ ይድናል” አለ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው።

አዲሱን ቺንጋ አነሣና እያየሁት፣ በዚያችው በተሳሳተችው ጥርስ ላይ አጠለቀው። ለምፒስ ብዬ ጠየቅሁ። ለለምፒ እንዳልሆነ፣ ነገ እንደሚፈታው ነገረኝ። ገጥሞ ሲጨርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ቁልፉን ሰጠኝና ዳገቱ ሥር ወርጄ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሲሆን እንድወጣ አዘዘኝ።

“በሁለተኛ ማርሽ” አለ። “እሷ አትቸኩልም ነበር።”

ወጣሁ። መኪናዋ ከእግር እስከ ራሷ እየተንቀጠቀጠች፣ ሦስት መንደር የሚቀሰቅስ ሳሏን እየሳለች፣ ዳገቱን ስትጨርስ የወጥ ቤቱ መስኮት ተከፍቶ ነበር። አርቮ ጀርባውን ሰጥቶ ምድጃው ጋ ቆሟል። አልዞረም። ጫማዬን አውልቄ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ሾርባ አለ። ተቀምጬ በላሁ፤ ለአፍ የደረሰ ነበር። ስለ ሆኪ ቡድናችን ሽንፈት አወራሁለት፤ የሰማኝ አይመስለኝም።

በማግሥቱ ሁሉንም እንደገና ፈታው። ሁለቱን መዘውሮች በፋብሪካው ምልክት ላይ አዋለ፤ ቺንጋውን አጠለቀ፤ ወጠረ። ሞተሩን በእጁ ሁለት ዙር አዞረ፤ ገጠመ። ሌላ ሁለት ዙር አዞረ፤ ገጠመ። ስድስተኛው ዙር ላይ በቃህ አልኩት።

እሑድ ከሰዓት ለምፒ ትራሷንና ቦርሳዋን ይዛ መጣች። መሪው ጋ ተደላድላ ቁልፉን አዞረች፤ ጥቂት ጠበቀች፤ ደግማ ስታዞረው ሞተሩ ሲጢጥ ብሎ ጮኸባት።

“ይቺ መኪና አልተነሣችም” አለች።

አርቮ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ። “ተነሥታለች። ሂጂ።”

“ምንም አይሰማኝም እኮ።”

“እኔም አይሰማኝም” አለና በሩ በደንብ መዘጋቱን በእጁ ገፋ አድርጎ አየው።