ገብስማዋን ማን ይጥራት

ጎረቤት ለፋሲካ የጠላ ጋን በግራዋ ሲያጥብ፣ የተወቀጠው ቅጠል መራራ ሽታ አጥር ተሻግሮ ይመጣብኝና ሳላስበው መዳፌን አንሥቼ አሸታለሁ። ልጅ ሆኜ አንድ የሁዳዴ ጾም ሙሉ መዳፌ ግራዋ ግራዋ ሲል ነበር የከረመው።

ቤታችን ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ከጓሯችን ጀርባ ባሕር ዛፉ ይጀምራል፣ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ደግሞ ሸለምጥማጥ እየወረደ ዶሮ ይፈጅ ነበር። አባቴ የፋሲካዋን ዶሮ ሳትወደድ ብለው ገና በጾሙ መግቢያ ገዝተው ያመጡ ነበር፤ የዚያ ዓመቷ ገብስማ፣ ደረተ ሰፊ፣ ሰው የማትፈራ ነበረች። ጾሙ ከተያዘ ብዙም ሳይቆይ አንድ ንጋት ላይ እናቴ ስትጮህ ወጥተን ስናይ፣ የዶሮው ቤት ሳንቃ ተፈንቅሎ፣ መሬቱ ላባ በላባ ሆኖ፣ ገብስማዋ ከክንፏ ሥር እስከ ጀርባዋ ቆዳዋ ተገልጦ ማገዶው መሐል ተወትፋ አገኘናት።

ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዩዋት።

«አውሬ የቀመሰውን አይተውም፤ ይመለስባታል» አሉ። «ይልቅ እረዷትና ለውሻ ጣሏት።»

«ለውሻ አልገዛናትም እትዬ» አለች እናቴ።

ጾም ስለሆነ ብናርዳት የሚበላት የለም፣ ሥጋ የምናቆይበትም አልነበረንም፤ ስለዚህ ገብስማዋ እስከ ፋሲካ በሕይወት መቆየት ነበረባት። ያኔ ይህን የሰማሁት እንደ ምሕረት ነበር።

እናቴ ዶሮዋን ጭኔ ላይ አስይዛኝ፣ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ ነቅላ፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥባ፣ መርፌዋን አረቄ ውስጥ ነክራ በነጭ ክር ሰፋቻት። ዶሮዋ አልጮኸችም፤ አንድ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ልቧ መዳፌ ላይ ይመታ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ግራዋ ወቅጬ፣ ጭማቂውን በጥጥ እያስነካሁ ቁስሏን እጠርግላት፣ ቀን ዝንብ እንዳያርፍባት በጨርቅ እሸፍናት፣ ሲመሽ በቅርጫት አድርጌ ከአልጋዬ ሥር አስተኛት ነበር።

ጾሙ ሲጋመስ ቁስሉ አመረቀዘ፣ ቤቱም ይሸት ጀመር። አንዳንድ ጠዋት በሩ ላይ የጥፍር ጭረት እናገኝ ስለነበር አባቴ ከታች በኩል ቆርቆሮ መቱበት። እትዬ ብርቄ በደጃችን ባለፉ ቁጥር «እስካሁን አለች?» ይሉ ነበር፣ እናቴም ታማትብ ነበር። ገብስማዋ ደግሞ ከዚያች ንጋት ወዲህ ሰው አላምን ብላ፣ እግር ኮቴ ስትሰማ ግድግዳ ትቧጥጥ ነበር። እኔ ብቻ ምላሴን ከላንቃዬ እያላቀቅሁ ጠቅ ጠቅ ሳደርግላት፣ ካለችበት እያነከሰች መጥታ ቁስሏን ትሰጠኝ ነበር።

በሆሳዕና ሰሞን ክሩ ወጣ፣ ጠባሳው ላይም ላባ ብቅ አለ።

«አባባ፣ ድናለች! ላባ አወጣች!» ብዬ ይዣት ሮጥኩ።

አባቴ ጠባሳውን አላዩትም፤ ደረቷን ዳበሱ። «እሰይ፣ ሥጋም ይዛለች» አሉ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በሕማማቱ ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ ስለ እሷ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። እንድትከሳ ምግቧን ልቀንስባት አሰብኩና፣ ታማ ለተነሣች ያም ግፍ ነው ብዬ ተውኩት።

«እማዬ፣ ካዳንናት በኋላ ካረድናት ከሸለምጥማጡ በምን ተሻልን?» አልኳት።

«ሸለምጥማጥ መቼ ጾመ?» አለች ሽንኩርቷን እየላጠች። «ለምን የተገዛች መስሎሽ ነው? ለጌጥ?»



ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ቄጤማ በራሳቸው ዙሪያ አስረው፣ ቢላዋ ስለው ጓሮ ወጡ። ገብስማዋ ገና ስታያቸው ማገዶው ሥር ገባች፤ በእንጨት ሲነካኳት ወጥታ በእግራቸው መሐል ሾለከች፣ እሳቸውም ሊይዟት ጎንበስ ሲሉ ተንሸራተው ተቀመጡ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ማን ማንን ሊያርድ ነው?» አሉ እትዬ ብርቄ ከአጥሩ ማዶ።

አባቴ አልሳቁም። አቧራቸውን አራግፈው ወደ እኔ ዞሩ። «ጥሪያት እንግዲህ። አንቺን ታምናለች።»

«አልጠራትም።»

«ምን አልሽ?»

«የገዟት እርስዎ ነዎት አባባ፣ ይረዷት። ግን ሮጠው ይያዟት። እኔ የምጠራት ለመድኃኒት ነው።»

በእኛ ቤት ለአባት እንዲህ ተብሎ አይመለስም ነበርና አርጩሜ ጠበቅሁ። አባቴ ግን ቢላዋውን እንደያዙ ባሉበት ቀሩ። ያኔ እናቴ እፍኝ ስንዴ ይዛ ከማድቤት ወጣች፣ ቁጢጥ አለችና ምላሷን ጠቅ ጠቅ አደረገች። ልክ እንደ እኔ ነበር፤ ጾሙን ሙሉ ስትሰማው ከርማለች። ገብስማዋ አንገቷን አዘነበለች፣ ከማገዶው ጥግ ወጣች፣ እያነከሰች መምጣት ጀመረች።

«እንዳትመጪ!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄን ስትሰማ ይባስ ፈጠነች። የእናቴ እጅ ክንፎቿን፣ ያንኑ ራሷ የሰፋችውን ቦታ ጨብጦ ያዛት።

በፋሲካ ጠዋት ከወጡ አልቀመስኩም።

«ይቅርብሽ፣ አንቺው ትራቢያለሽ» አለች እናቴ።

«ማረዳችሁን አይደለም» አልኳት። «በእኔ ድምፅ መጥራትሽን ነው።»

እናቴ በዓሉ እስኪወጣ ድረስ ቀና ብላ አላየችኝም። ነፍሷን ይማረውና፣ እንግዳ የሚጠብቅ ቤት ነበራት፤ ትክክል ነበረች ግን ዛሬም አልልም።

አሁን የእኔ ጊዜ ደግሞ ሌላ ነው፤ የፋሲካ ዶሮ ታርዳ፣ ብልቷ ወጥቶ፣ በላስቲክ ትመጣልናለች፣ ማንም አይጠራትም። ባለፈው ግን የልጅ ልጄ መርፌ ሊወጋ ነው ሲባል አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣ አለ።

«እማዬ፣ አንቺ ጥሪው፣ አንቺን ያምናል» አለችኝ ልጄ። «ከረሜላ አለ በይው።»

ጎንበስ ብዬ «መርፌ ነው፣ ያማል» አልኩት። ይባስ ወደ ውስጥ ገባ። ልጄ አልጋውን ስባ፣ እየጮኸ ታቅፋ ይዛው ሄደች፣ እኔንም ተቆጣችኝ። ከሰዓት ተመልሰው ሲመጡ ደጅ ቆሜ ስሙን ጠራሁት። ዓይኑ እንዳበጠ መጣልኝ።